ጉደታ የከፈለው ጉዞ

ፈዲሉ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ነው ያደረው፤ አሁንም ጎህ ሳይቀድ ግንባሩን በአውቶቡሱ መስኮት ላይ አስደግፎ ሮም ወደ ኋላ ስትቀር እያየ የሚያስበው ያንኑ ሲያስበው ያደረውን ነገር ነው። ጉደታ ለምን ከፈለ? ሰው ለጓደኛው ቢከፍል ምን ይገርማል የሚል ካለ ጉደታን አያውቀውም ማለት ነው። የጉደሩ ጉደታ የክብሪት እንጨት በምላጭ ለሁለት የሚሰነጥቅ፣ የሻይ ቅጠል አድርቆ መልሶ የሚያፈላ፣ አራት ዓመት በአንድ ክፍል አብረው ሲኖሩ «ዛሬ በእኔ ነው» የሚል ቃል ተሳስቶ እንኳ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ያ ሰው ረቡዕ ማታ ሁለት ቲኬት ይዞ መጣና ፈዲሉ አልጋ ላይ አስቀምጦ «ቅዳሜ ፖምፔ እንሄዳለን፤ እሳተ ገሞራ የቀበረው የጥንት ከተማ ነው። ከፍያለሁ» አለ። ከፍያለሁ! ፈዲሉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ቲኬቶቹን አንሥቶ አገላበጣቸው። ጠርጥር፣ አይጠፋም ከገንፎ ውስጥ ስንጥር፣ ይል ነበር አባቱ ዓብዱልመጂድ፣ አምቦ ገበያ ውስጥ ባለችው የጨርቅ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ገዢ ሳይከራከር ሲገዛው። ሳይከራከር የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ደብቋል። ሳይለመን የሚከፍል ጉደታም ደብቋል፤ የደበቀው ደግሞ ሞት ነው።

እንዲህ እርግጠኛ የሆነው ራሱ አድርጎት ስለሚያውቀው ነው። ባለፈው ጥቅምት የጓደኛቸው የወሰኑ እናት ሞታ ደብዳቤው ሸዋገነት እጅ ገባ። ሸዋገነት ሮም ላሉት የአምቦና የአካባቢው ልጆች የእድር ዳኛም ታላቅ እህትም ናት፤ አንድ ጠበቃ ቤት በሠራተኝነት ስለምትኖርና አድራሻዋ ስለማይለዋወጥ የሁሉም ደብዳቤ የሚመጣው በእሷ በኩል ነው። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፣ አንድ ሰው ብቻውን አይናገረውም፤ ማልዶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዙት ሰዎች ከግራ ከቀኝ ተቀምጠው ነው የሚረዳው። የሰው ቤት የሚሠራ ሁሉ ግን ከእሑድ በቀር አይሰበሰብም። ስለዚህ ቅዳሜን ወሰኑን ከቤት የሚያርቀው ሰው ተፈለገ፣ ዕቃ ሲገባ ሰው ሲወጣ እንዳያይ፣ አንዱ አፉ የማያርፍ ቀድሞ እንዳያፈነዳው፤ ተፈልጎም ፈዲሉ ተገኘ። ወደ ባሕሩ ወሰደው፣ የተጠበሰ ዓሣ ገዛለት፣ ነገ እህል እንደማይቀምስ እያወቀ «ብላ፣ ብላ እንጂ» አለው፣ በማያስቀው ሳቀ፣ ትከሻውን አቀፈው። ወሰኑ «ዛሬ ምን ነክቶህ ነው እንዲህ የወደድከኝ?» ብሎት ነበር። እሑድ ሲነጋ በሩ ሲንኳኳና ሰባት ሰው ባንድ ጊዜ ሲገባ ወሰኑ መጀመሪያ ያየው ሸዋገነትን አልነበረም፣ ፈዲሉን ነበር፤ ያ አስተያየት እስካሁን አልለቀቀውም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ተራው የእሱ ነው።

«ብላ» ይለዋል ጉደታ። ከፌስታል የተቀቀለ እንቁላል አውጥቶ ልጦ፣ ጨው ነስንሶ፣ በእጁ ይሰጠዋል። የተላጠ! ፈዲሉ እንቁላሉን ያየዋል። «አልራበኝም።» «ማሎ፣ ብላ እንጂ! ቀኑ ረጅም ነው።» ማሎ ሲል፣ እባክህ ሲል ማለት ነው፣ ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፤ ወይስ አውቶቡሱ ነው የነቀነቃት? ምልክቱ ይህ ብቻ ቢሆን ጉደታ አበደ ብሎ ያልፈው ነበር። ግን ተደራረበ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ከሥራ ቀርታ የማታውቀው ሸዋገነት ለዛሬ ፈቃድ ወስዳለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ ሊጠይቃት ሄዶ ጥያቄውን ሳይጨርስ «የለም» አለችው፤ ሰው እኮ የለም ከማለቱ በፊት ትንሽ ያስባል። አገር ቤት ልደውል ሲል ደግሞ ጉደታ «ዲሲ፣ ተወው፣ መስመሩ ተበላሽቷል አሉ» ብሎ ከደጅ መለሰው። ማን አለ? የአምቦን የስልክ መስመር ብልሽት ሮም ላይ ለጉደታ የሚነግረው ማን ነው?

እንግዲህ የቀረው ማን ነው የሚለው ነው። ሦስት ሰው አለው። አባቱ ዓብዱልመጂድ፣ እናቱ ዘሀራ፣ ታናሽ ወንድሙ አብዱልወሀብ። በጥር ደውሎ ነበር። ሮም ካለው የስልክ ቤት ሳጥን ውስጥ ቆሞ፣ አዲስ አበባ ያለችው ኦፕሬተር አምቦን፣ የአምቦው ደግሞ ቴሌ ቢሮ አግዳሚ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠው የሚጠብቁትን እናቱን እስኪጠራ ድረስ ጆሮው እስኪግል ጠበቀ። «እማ!» «ፈዲሉ! ልጄ! ደህና ነን፣ ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።» ሦስት ጊዜ ደህና ነን። «አብዱስ?» መስመሩ ጮኸ፣ ወይም እናቱ ዝም አለች። «እሱ... እሱ ሸነን ነው፣ ገጠር ነው» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ፣ ከዚያ ተቋረጠ። አባቱም ከሐምሌ ወዲህ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ፣ ከላይ እንደ ልማዱ በአምቦ የድሮ ስም «ሀገረ ሕይወት» ብሎ ቀኑን ካሰፈረ በኋላ፣ «ወንድምህ ሸነን ዘመድ ዘንድ ሊያስተምር ሄዷል፣ ሰላም ብሎሃል» ይላል። አብዱልወሀብና ማስተማር! ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የደገመ ልጅ ማንን ምን ሊያስተምር ነው? ራሱስ ለምን አይጽፍም? እንዲያ የጻፈው ደብዳቤ መንግሥት እየከፈተ ስለሚያነብ ነው፣ ይህን ፈዲሉ አያጣውም፤ ሸነን ማለት እስር ቤት ይሆናል፣ ወይም ብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ወስደውት ሰሜን ጦር ሜዳ ነው። ከዚያ በላይ ማሰብ አልፈለገም ነበር፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ አልፈለገም።

ያልፈለገበት ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ከሁሉ የባሰው ነው። በስድሳ ዘጠኝ መጨረሻ ቀበሌዎች ፈዲሉን ፍለጋ ሱቁን ሲከቡ አብዱልወሀብ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። «ወንድምህ ወዴት ሄደ?» ሲሉት «ወደ ጉደር» አላቸው፣ ዓይኑን ሳያሽ። ፈዲሉ ያን ሰዓት በአዲስ አበባው መንገድ በእህል መኪና ላይ ነበር። ለዚያች አንዲት ቃል ልጁን ሁለት ወር አሰሩት፣ ውስጥ እግሩን ገረፉት። አድጎ ከሦስት ዓመት በፊት ከፈዲሉ አንድ ነገር ለመነ፤ ወንድሜ፣ አስወጣኝ። ፈዲሉም «ጉዳይህ ተጀምሯል» ብሎ ጻፈለት። አልተጀመረም። አንድ ጠዋት አንድ ቢሮ ሄዶ ቁጥር ወሰደ፣ አራት ሰዓት ተቀመጠ፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሰውየው የመኖሪያ ፈቃድ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የቤት ኪራይ ውል ብሎ ጠየቀው፤ አንዱም የለውም፤ ከኋላው የተሰለፉት አጉረመረሙ፣ ጆሮው ቀላ፣ ወጣ፣ አልተመለሰም። በዓመቱ አብዱልወሀብ ሲጠይቀው «አንድ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» አለው። ለምን እንዲያ እንዳለው እሱም አያውቅም። የለም፣ ያውቃል፤ አፍሮ ነው። ውሸት አንዴ ከተላከ ፖስታ ቤት አይመልሰውም።

አውቶቡሱ ቆመ። ከተማው አልነበረም፤ መንገድ ዳር ያለ አዳራሽ ነበር። ጉዞው ይህን ያህል የረከሰበት ምክንያት እዚህ ታወቀ፤ ወደ ፍርስራሹ ከመድረሳቸው በፊት አንድ ፀጉሩ ቅባት የጠጣ ሰው ድስትና የሱፍ ብርድ ልብስ ሲሸጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጠው መስማት ግዴታቸው ነው። አሮጊቶቹ ለምደውታል፣ ሹራባቸውን ይሠራሉ። ሰውየው ድስቱን በመዶሻ መታው፣ ቆመበት፣ እንቁላል ያለ ዘይት ጠበሰበት። በመጨረሻም «ማን ይወስዳል?» ሲል ከመላው አዳራሽ ቀድሞ እጁን ያወጣው ጉደታ ነበር። «ትልቁን» አለ ጉደታ በተሰባበረ ጣልያንኛው፤ «ትልቁን ድስት።» «ለምንህ ነው? ሁለት ሰው አይደለን?» ጉደታ ፊቱን አዞረ። «ለቤት ነዋ። ሰው ሲመጣ...» ብሎ ቃሉን ዋጠው። ሰው ሲመጣ። ለቅሶኛ ሲመጣ። ፈዲሉ ከዚያ በኋላ ሰውየው ስለ ብርድ ልብሱ ያለውን አንዱንም አልሰማም።

ፖምፔ ሲደርሱ ፀሐዩ በርትቷል። ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጠፉባቸው፤ ፈዲሉ አርባ አንድ፣ ጉደታ አርባ ሁለት። አስጎብኚዋ ቀጭን ሴት ናት፣ አረንጓዴ ጃንጥላ ሽቅብ ይዛ ትቀድማለች፣ በየማዕዘኑ ትቆጥራቸዋለች፣ አርባ አንድ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። የድንጋዩ መንገድ በጋሪ መንኮራኩር ተቦርቡሯል። ጣሪያ የሌለው ቤት፣ ጣሪያ የሌለው ቤት፣ ከዚያ ደግሞ ጣሪያ የሌለው ቤት፤ ጥቂቶቹ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ወዲህ በብረት ታጥረዋል። አንድ ዳቦ ቤት ገቡ፣ የወፍጮ ድንጋዮቹ እንደቆሙ ናቸው። አስጎብኚዋ ትላለች፣ ከሺ ዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የሆነ ነው፣ ሰዎቹ ያን ቀን እንደ ማንኛውም ቀን ተነሡ፣ ዳቦውን ምድጃ ውስጥ ከተቱ፣ አላወጡትም። አሮጊቶቹ «ምስኪኖች» አሉ። ፈዲሉ አምቦን ያያል። አባቱ ሱቁን ሲከፍት፣ ማዶ ያለው ፍል ውሃ በጠዋት ሲጨስ፣ አብዱልወሀብ ከሁሉቃ ወንዝ ሲመለስ ፀጉሩ ረጥቦ። ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ በሐሳቡ ሁሉም ከወጣበት ቀን ጀምሮ በቆሙበት ቆመዋል፣ አላረጁም፣ አልታመሙም። ጉደታ ከጎኑ አይለይም። ደረጃ ሲወጡ ክርኑን ይይዘዋል፣ ውሃ ይገዛለታል፤ አሁንም ይገዛለታል! አንድ ጊዜማ ፈዲሉ ዞር ሲል ጉደታ ሲያየው ያዘው፣ በሐዘን ነው ወይስ በምን፣ ብቻ ፈጥኖ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ወደ ከተማው ጫፍ፣ ወይን ወደተተከለበት አንድ ግቢ ወሰደቻቸው። በመስተዋት ውስጥ ሰዎች ተኝተዋል። አስጎብኚዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታስረዳለች፤ እነዚህ ሊያመልጡ ሲሮጡ አመዱ የደረሰባቸው ናቸው፣ አመዱ በላያቸው ደረቀ፣ ሥጋቸው ሲበሰብስ ባዶ ቦታ ቀረ፣ ሊቃውንቱ በባዶው ቦታ ጀሶ አፈሰሱበትና መልካቸው ወጣ። አንዱ በክርኑ ተደግፎ ሊነሣ ይሞክራል። አንድ ሕፃን አለ። ፈዲሉ ከእነዚያ ነጭ ሰዎች ፊት ቆሞ አንድ ነገር ማድረግ ጀመረ፣ ሲጀምር አላወቀውም ነበር፤ መምረጥ ጀመረ። ያ ረቢ፣ መቼም አንዱ ሞቷል፤ እማ አትሁን። እማ ብቻ አትሁን። አባ ሰባ ሞልቶታል፣ ኖሯል፣ ልጅ አሳድጓል... የለም፣ አባም አይሁን፤ አባ ከሞተ እማን ማን ያያታል? የቀረው አንድ ነው። ልቡ ወደ አንዱ ሄደች፣ ማንም ሳይገፋት። አብዱ ይሁን። ሐሳቡ እዚያ ሲደርስ ወገቡ የተፈታ ያህል ቀለለው፣ ከንፈሩም እሱን ሳይጠይቅ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ፤ በእኩለ ቀን፣ በአሮጊቶችና በካሜራ መካከል፣ ወንድሙን ቀበረው።

ያኔ ነው ራሱን ያየው። ለምን ቀለለኝ? ለእናቴ ብዬ ነው አለ፤ ውሸት ነው። እናቱን ስለወደደ አልነበረም። የሞተ ሰው ጉዳዬ ምን ደረሰ አይልም። አብዱልወሀብ ከሞተ ያቺ አንድ ፊርማ ቀረች የተባለላት ወረቀት ከእሱ ጋር ትቀበራለች፣ ማንም ዳግመኛ አይጠይቅበትም፤ ፈዲሉ የቀለለው ለዚህ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ውስጥ እግሩን የተገረፈልኝን ልጅ! ከወይኑ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ጉደታ ሮጦ መጣ፣ ፈዲሉም ሸሚዙን ጨምድዶ ያዘው። «አብዱ ነው። አይደል? አብዱ ነው!» ጉደታ ደነገጠ። «ማን ነገረህ?» አለ።

ማን ነገረህ። ከዚህ በኋላ ምን ይጠየቃል? «ለሸዋገነት ዐወቅሁ ብለህ እንዳትነግርብኝ» ይላል ጉደታ ግራ ቀኝ እያየ፤ «ማሎ! ታርደኛለች። እዚህ አይወራም። ማታ ቤት፣ ሁላችንም ባለንበት። በቃ፣ በቃ፣ ሰው ያያል።» ፈዲሉ ያለቅሳል፤ አረንጓዴው ጃንጥላ እየራቀ ነው፣ ሴትየዋ ከሩቅ «አርባ አንድ! አርባ ሁለት!» ትላለች። ተነሥቶ ሄደ። አብሮ የሄደው እግሩ ብቻ ነው። በመመለሻው መንገድ ጉደታ ድስቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አንቀላፋ፤ ፈዲሉ አልተኛም፤ ነገ የሚሰበሰበው ሰው ሁሉ «ወንድም ነበረው፣ ሊያስወጣው ሲለፋ ቀደመው» ብሎ ሲያዝንለት ይሰማዋል፣ ጠረጴዛው ላይ የሚደረደረውን ዳቦ ያየዋል፣ ያን ሁሉ ሐዘን በውሸት እንዴት እንደሚቀበል ያስባል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሮም ሲገቡ ጀንበሯ ገና አልጠለቀችም።

ክፍላቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ የብዙ ሰው ድምፅ ሰማ፤ እግራቸው ሲሰማ ድምፁ ባንድ ጊዜ ጠፋ። እስኪነጋ እንኳ አልጠበቁም! ከላይ ሸዋገነት ወረደች፣ ሽርጥ ታጥቃ፣ እጇ ረጥቦ። ጉደታን በዓይኗ አሳልፋ ፈዲሉን ደረጃው ላይ አቆመችው። «እትዬ ሸዋገነት፣ ዐውቄአለሁ» አላት። «ምኑን እንዳወቅህ እንጃ። አንድ ነገር ስማኝና ግባ። ወረቀቱን የጨረስከው አንተ ነህ። ለሱ የነገርኩት እንዲያ ነው። ሌላ እንዳትል።» የምን ወረቀት? የሬሳ? «ለሱ» የተባለውስ ማን ነው? ሊጠይቃት ሲል ጉደታ ድስቱን እንዳቀፈ በሩን በትከሻው ገፋው።

ከወሰኑ አጠገብ፣ በፈዲሉ አልጋ ጫፍ ላይ፣ ከሰውነቱ የሚሰፋ ኮት የለበሰ አንድ ከሲታ ሰው ተቀምጧል። ተነሣ። ቁመቱ አዲስ ነው፣ ጢሙ አዲስ ነው፣ ዓይኑ ግን ያው ነው። «ወንድሜ!» አለ አብዱልወሀብ። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። በኋላ እንደሰማው፣ ልጁ ሐምሌ ላይ ከውትድርና አፈሳ ሸሽቶ በእግሩ ሱዳን ገብቶ፣ ከካርቱም «አስቸኳይ» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ሲደርስ ፈዲሉ ደቡብ ጣልያን ቲማቲም ለቀማ ላይ ነበር፤ ሸዋገነት ከፈተችው፣ የተጀመረ የተባለውን ጉዳይ አሠሪዋን ጠበቃውን አስጠየቀች፣ የተጀመረ ነገር እንደሌለም ዐወቀች፤ ከዚያ ራሷ እግሩ ላይ ወድቃ ለምና አስጀመረችው፣ ቢሳካ ልናስደስትህ፣ ባይሳካ ላናሳዝንህ ብለን ደበቅንህ አለች። ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚያውቀው በቀትር የቀበረው ሰው አንገቱ ላይ መጠምጠሙን ነው፣ የጀርባውን አጥንት በእጁ መቁጠሩን ነው።

«አንተ ባትኖርልኝ ሞቼ ነበር» ይላል አብዱልወሀብ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «አንድ ፊርማ ቀርቷል ስትለኝ ያቺን ፊርማ እያሰብኩ ነው በረሃውን የጨረስኩት። ሰው ውሃ እያሰበ ይሄዳል፤ እኔ ፊርማ!» ሰው ሳቀ። ፈዲሉ አልሳቀም። ከሆዱ የወጣው ድምፅ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር፣ የሚጮህ፣ የሚያፍር ነገር የሌለው፤ እልልታው ቀስ በቀስ ከሰመ፣ ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጉደታ «የደስታ ነው፣ የደስታ ነው» ይላል። አብዱልወሀብ ወንድሙን ከደረቱ ትንሽ አራቀና ፊቱን አየው። «ኧረ ፈዲሉ፣ የሞትኩ አስመሰልከኝ እኮ!»

«አብዱ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

«አውፍ ብያለሁ። ለምኑ ነው ግን?»

ሸዋገነት ከበሩ ላይ ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳትናገር። ፈዲሉ አያት፣ ከልቡም አመሰገናት፣ ግን ዛሬ አንዴ ቀብሮታል፣ ሁለተኛ አይቀብረውም።

«አንድም ወረቀት አልጻፍኩልህም» አለው። «የጨረሰችው እሷ ናት። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ስዋሽህ ነበር።»

የአብዱልወሀብ እጅ የፈዲሉ ትከሻ ላይ ነበር። አላነሣውም፤ አላጠበቀውምም።